ከቤት ኩሽና ወደ ምግብ ቤት ኪችን፦ ባለሙያዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ወጥ የሚዋጣለት ሰው አንድ ቀን «ምግብ ቤት ክፈት እንጂ!» መባሉ አይቀርም። አንዳንዱ ምክሩን ሰምቶ ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች ሲሉ የምሰማው አንድ ነው፦ «ድስት ማየት አስጠላኝ።» የምግብ ፍቅራቸው ውሸት ሆኖ አይደለም። እቤትና ምግብ ቤት የሚሠራው ሥራ ለየቅል ስለሆነ ነው። ስህተቶቹ ግን ተመሳሳይ ናቸው።

የእንግዳን ምስጋና እንደ ገበያ ማየት

እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» ሲል ከልቡ ነው። ግን አልከፈለም፣ አልቸኮለም፣ ደግሞም ይወዳችኋል። እቤት በርበሬው ቢበዛ ተስቆበት ያልፋል። ደንበኛ የሚመለሰው ግን ባለፈው ሳምንት የበላውን ያንኑ ፍለጋ ነው። አንድ ቀን ጣፋጭ ወጥ መሥራት ቀላሉ ነው። ከባዱ ማክሰኞም ቅዳሜም፣ እናንተ ኖራችሁም አልኖራችሁም፣ ያንኑ ወጥ ማውጣት ነው። ስለዚህ ሚዛን ግዙ፣ መጠኑንም ጻፉ። «እኔ በዓይኔ ነው የምለካው» የሚል ሰው ረዳቱን ምን ብሎ ያስተምራል? የታመመ ቀን ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

መጠኑን በአሥር ማባዛት

ይሄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። 3 ኪሎ ሽንኩርት ሰፋ ባለ ድስት ሲቁላላ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ይጠወልጋል፣ ይቀላል። 30 ኪሎ ሽንኩርት ጥልቅ በርሜል ድስት ውስጥ ሲጨመር ግን የላይኛው በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ የታችኛው ያርራል። ምክንያቱም ሽንኩርቱ አሥር እጥፍ ሲሆን እንፋሎት የሚወጣበት የድስቱ አፍ አሥር እጥፍ አልሰፋም። ቁሌቱን በሁለት ሦስት ሰፋፊ ድስት ከፍሎ፣ ከተቻለ ከዋዜማው መሥራት ይሻላል። በማሽን የሚፈጭም አለ፤ ሽንኩርቱ ከላመ ውሃው ይበዛል፣ ጣዕሙም ወደ መምረር ይሄዳል።

ጨውና በርበሬውም እንደዚያው ነው። በስሌት የመጣውን መጠን በአንዴ አትድፉ። ሲሶ ያህሉን ቀንሳችሁ ጀምሩና እየቀመሳችሁ ጨምሩ። በትልቅ ድስት የሚተነው ውሃ ከይዘቱ አንፃር ትንሽ ስለሆነ የሚጨመረው ውሃም መቀነስ አለበት። አለበለዚያ ወጡ ይቀጥናል፤ ቀጥኖ ያመለጠ ወጥ ደግሞ በምሳ ሰዓት አይመለስም።

ትእዛዝ ሲመጣ መክተፍ መጀመር

ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ኪችን ውስጥ የሚሰማው «ሁለት በያይነት፣ አንድ ተጋቢኖ፣ አንድ ደረቅ ጥብስ!» ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት የሚልጥ ሰው አልቆለታል። ጥብሱ በትእዛዝ ይጠበሳል፤ ሥጋው ግን ተከትፎ፣ ቃሪያው ተሰንጥቆ፣ ቅቤው ተነጥሮ መጠበቅ አለበት። ሜኑው ሲረዝም ዝግጅቱም ይረዝማል፣ የሚጣለውም ይበዛል።

የጾም ቀን መቁጠሪያውን የሚረሱም አሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ሽያጩ ወደ ሽሮና በያይነቱ ይዞራል። የጾሙ ድስትና ማማሰያ ከፍስኩ መለየት አለበት። ደንበኛ ይጠይቃል፤ መጠየቁም መብቱ ነው።

ትልቅ ድስት ምድጃ ላይ ማሳደር

እቤት የሚተርፈው ወጥ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። 30 ሊትር ወጥ ክዳኑን ገጥሞ ሲያድር ግን መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ሲፈላ ያልሞቱ የባክቴሪያ ስፖሮች (ሙቀት የሚቋቋሙ ዘር መሰል ነገሮች) ነቅተው የሚባዙት እዚያ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ወጡ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዩ 4 ሰዓት እንዲወርድ ያዛል። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉት፣ በበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት፣ ከዚያ ወደ ፍሪጅ። «ጠዋት አፈላዋለሁ» አያዋጣም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

የራስን ጉልበት በነፃ መቁጠር

ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ ይደመራል። ጋዙ፣ ሳሙናው፣ የሚጨመረው እንጀራ፣ ከሌሊት ጀምሮ የቆማችሁበት ሰዓት ይረሳል። በሙያው የተለመደው ግምት የጥሬ ዕቃው ወጪ ከመሸጫ ዋጋው ሲሶ አካባቢ እንዲሆን ነው።

ዶሮ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በወጉ 12 ብልት ትወጣለች። እቤት ፈረሰኛው ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል፤ ክንፍ የደረሰውም አይቀየምም። ምግብ ቤት ግን ሁሉም እኩል ከፋይ ነው፣ ክንፍ የደረሰው አስተናጋጅ ይጠራል። አንዳንድ ቤቶች ጭንና እግር ብቻ የሚገዙት ወደው አይደለም።

ጫናውን የጀግንነት ማስረጃ ማድረግ

«ኪችን እንዲህ ነው፤ ካልቻልክ ውጣ» የሚል አነጋገር አለ። እኔ አልገዛውም። ስድብ ሽንኩርት አያበስልም፤ ጎበዝ ረዳት ግን ያስኮበልላል።

ስም ሲተከል ጫናው ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ፈረንሳዊው ሼፍ ሰባስቲያን ብራስ በ2017 እ.ኤ.አ. ምግብ ቤቶችን በኮከብ ከሚመዝነው የሚሽለን መመሪያ ከፍተኛውን ሦስት ኮከብ ይዞ እያለ «ከመመሪያ መጽሐፋችሁ አውጡኝ» አለ። የሚሽለን መርማሪዎች ማንነታቸውን ሳይናገሩ ነው የሚመጡት፤ የትኛው ሳህን እንደሚመዘን አይታወቅም። ከ2018ቱ እትም ወጣ። በ2019 ደግሞ በሁለት ኮከብ መልሰው አስገቡት! ሰውየው ማብሰሉን አልጠላም፣ ቤቱንም አልዘጋም። መመዘኑ ነው የሰለቸው።

ቤትን ምግብ ቤት ማድረግ

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው። ስድስት ሰው ጠርቶ ዘጠኝ ዓይነት ወጥ የሚሠራ ሰው ጨዋታውን ከኩሽና ሆኖ ነው የሚሰማው። ሁለት ወጥ፣ አንድ አልጫ፣ ሰላጣ ይበቃል። የቀረውን ማንም አያስታውሰውም።

ሥራ ለቆ በአንዴ መዝለል

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ለጥቂት ወራት ሰው ኪችን ውስጥ ተቀጠሩ፣ በተለይ በምሳ ሰዓት። ከዚያ አንድ ምግብ ብቻ መርጣችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በትእዛዝ ሽጡና የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ ተመልሰው የሚያዙት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። አሜሪካ ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ የግዛታችሁን ሕግ እዩ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ፍሪጅ የሚፈልግ ምግብ፣ ለምሳሌ ዶሮ ወጥ፣ ከቤት ኩሽና አብስሎ መሸጥ አይፈቀድም፤ ፈቃድ ያለው ኪችን በሰዓት መከራየት ያስፈልጋል። እንደ ዳቦ ቆሎ ያለው ደረቅ ነገር ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።