ላንቃን በቀዶ ሕክምና ካሰፉ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ላይ የላንቃው መሐል መጋጠሚያ ገና ስላልጠነከረ የላይኛውን መንጋጋ አፍ ውስጥ በሚገጠም የብረት ማስፊያ ብቻ ማስፋት ይቻላል። አዋቂ ላይ ግን መጋጠሚያው ጠንክሯል፤ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ሰንጥቆ ካላላው ማስፊያው ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይገፋውም። አዲስ አበባ ተሠርቶ ባሕር ዳር ለሚመለስ ሰው ብዙው ጥፋት የሚመጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው የማስፊያውን ብሎን እንደ ፈለጉ ማዞር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶው በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይነካ ይቆይና ከዚያ በሐኪሙ ልክ ይዞራል። አንዱ ማዞር ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ይከፍታል። «ቶሎ ልገላገል» ብለው ሲያጣድፉት ክፍተቱ በአጥንት ፈንታ በጠባሳ ይሞላል፤ ሲዘነጉት ደግሞ አጥንቱ ሳይሰፋ ይገጥማል። ብሎኑን የሚያዞሩበትን ቁልፍ ቀጣዩ ቀዳዳ በደንብ እስኪታይ ይግፉት፤ ሲያወጡት ብሎኑን መልሰው እንዳያዞሩት ይጠንቀቁ። እንዳይዋጥም ክር አስረውበት ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት።

ከሁሉ የከፋው ግን ማስፊያውን ቶሎ ማስወለቅ ነው። አጥንቱ ሲከፈት የፊት ጥርሶች ይፈነጨታሉ። (እኛ ዘንድ ፍንጭት ውበት ነውና «ተይው፣ አምሮብሻል» የሚል ዘመድ አይጠፋም።) ብሎኑ ከቆመ በኋላ ጥርሶቹ ወደ መሐል ሲጠጉ «ዳንኩ» ይባላል። ጥርሶቹን የሳባቸው የድድ ጅማት ነው፤ ከላይ ያለው አጥንት ገና ክፍት ነው። አዲሱ አጥንት ከሁለቱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሐል ያድጋል፣ መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ ቀስ በቀስ ማዕድን ይጠጣል። የተወጠረው የላንቃ ሥጋና ጉንጭም ወደ ውስጥ መግፋታቸውን አይተዉም። ስለዚህ ማስፊያው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ሳይዞር አፍ ውስጥ ይቆያል። ያኔም ቢሆን ራጅ ላይ መሐሉ እንደ ዱሮው ላይደፈን ይችላል፤ ሲወልቅ ሌላ መያዣ የሚተካው ለዚህ ነው።

ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት አይሞከርም። ወጌሻው ክንድ በማቃናት የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ እንዲከፈት የተሰነጠቀ መንጋጋ የሚታሽ አይደለም።

ምግብ ላይ ቆሎና ጥሬ ሥጋ ይቆዩ። የጣና አሳ ጥሩ ነው፤ ግን ደርቆ የተጠበሰው ሳይሆን ከእሾሁ ተለቅሞ በሾርባ የተሠራው። በአጥሚት ብቻ ሳምንታት መግፋት ግን አጥንት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያሳጣል። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ጾሙን ካልፈቱም ሽሮ ፍትፍትና የምስር ሾርባ አይጉደል። ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የአጥንቱን ጥገና ያጓትታል። ጫት ደግሞ ጉንጭን ከመወጠሩ በላይ ቅጠሉ ማስፊያው ሥር ገብቶ ይሸጎጣል።

ሐኪሙ እስኪፈቅድ በኃይል አይናፈጡ፤ ሲያስነጥሱ አፍዎን ይክፈቱ።

የመጨረሻው መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ችግርን ለቀጠሮ ማቆየት ነው። ማስፊያው ከተነቃነቀ፣ አንዱ ወገን ብቻ ከተገፋ፣ ወይም የፊት ጥርስ ከላላ ያንኑ ዕለት ይደውሉ፤ ሐኪሙ ሳያይዎትም ብሎኑን አይንኩት።