ሰማያዊ ትጥላለች የተባለችው ዶሮ ቡናማ ስትጥል፦ የጓሮ ዶሮ ችግርና መፍትሄ

ሲያትል ጓሮዬ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሉ። ሁሉም ድቅል ናቸው። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት አንዱ እንቁላል ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የማኪያቶ መልክ ያለው ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት በፊት ሮጠው የሚያዩት እሱን ነው።

እዚህ አገር ዶሮ የጀመሩ ሐበሾች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አገር ቤት ከዶሮ ጋር ያደግን ሰዎች ብዙ ነገር እናውቃለን። እዚህ ግን ሁለት ነገር ይለያል፤ ዘሩና ብርሃኑ። ግራ የሚያጋባንም በአብዛኛው ይኸው ነው።

"ሰማያዊ ትጥላለች ብለው ሸጡልኝ፤ የጣለችው ግን ቡናማ ነው"

በእኔም ደርሷል። ከአንድ የመኖ መደብር አራት ጫጩት ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ "ሰማያዊና አረንጓዴ እንቁላል" ይላል። ስድስት ወር ጠበቅኩ። ሦስቱ እንደተባለው ጣሉ። አራተኛዋ ቡናማ ጣለች። መኖ ቀየርኩላት፤ ጎመን ጨመርኩላት። ምንም አልተለወጠም፤ ሊለወጥም አይችልም ነበር።

የቅርፊት ቀለም ከዘር ነው። መደብሮቹ "ኢስተር ኤገር" የሚሏት ዶሮ ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም። ሰማያዊ የሚጥል ዘር ከሌላ ዶሮ ጋር ተዳቅሎ የተገኘች ድቅል ናት። የሰማያዊው መነሻ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከቺሊ የመጣችው አራውካና ትታወቃለች፤ ከእሷ ወገን አሜሪካ ውስጥ አሜሩካና ተገኘች። አሜሩካናን የአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር በ1984 እንደ ዝርያ ተቀብሏታል። ኢስተር ኤገርን ግን እስከ ዛሬ እንደ ዝርያ አይቆጥራትም።

ሰማያዊ ለማስጣል ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ አንድ የዘር ቅንጣት ይበቃል። ችግሩ ድቅሏ ብዙ ጊዜ ያላት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ቅንጣቱ ከሌለው አውራ ጋር ስትገናኝ ከጫጩቶቿ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል፤ ግማሹ አይወርሱትም። የእኔ አራተኛ ዶሮ ያልደረሳት ናት።

አረንጓዴውስ? እሱ ሰማያዊና ቡናማ ተደርቦ ነው። ሰማያዊው ቀለም ቅርፊቱ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቡናማው ግን እንቁላሉ ሊወጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ከላይ የሚቀባ ነው። አረንጓዴ እንቁላል ስትሰብሩ ቅርፊቱን ገልብጡና የውስጡን ስስ ሽፋን ላጡት። ውስጡ ሰማያዊ ነው። የቡናማ እንቁላል ውስጡ ነጭ ነው። ዶሮዋ ቅንጣቱ እንዳላት ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ ቤት ውስጥ የለም።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ነው። ሰማያዊ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ንጹሕ አሜሩካና ወይም ክሪም ሌግባር ግዙ። ዋጋቸው ይጨምራል። ድቅል ከገዛችሁ ደግሞ የሚመጣውን ተቀበሉ። ጫጩት ስትመርጡ አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ እዩ። ዝቅ ያለና ሦስት ረድፍ ከሆነ ሰማያዊውን ቅንጣት የመያዝ ዕድሏ ይጨምራል፤ ሁለቱ ባሕርያት ብዙ ጊዜ አብረው ይወረሳሉና። ዋስትና ግን አይደለም፤ ክሪም ሌግባር አናቷ ላይ ያለው ነጠላ ሆኖ ሰማያዊ ትጥላለች።

ሰው ሁልጊዜ የሚያቀላቅለው አንድ ነገር አለ። የአስኳል ቀለም ከመኖ ነው። ጎመን፣ ቢጫ በቆሎ፣ ቀይ በርበሬ አስኳሉን ያደምቁታል። ዶሮ የበርበሬ ማቃጠል አይሰማትም። ጨው ያለበትን የወጥ ትርፍ ግን አትስጧት። ቅርፊቱን የሚቀይር መኖ የለም። ሰማያዊው በጣዕምም ሆነ በምግብነት ከነጩ አይለይም።

"ቀለሙ እየደበዘዘ መጣ"

ዶሮዋ መጣል ስትጀምር ቀለሙ ደማቅ ይሆናል፤ ወራት ሲቆጠሩ ይሳሳል። ላባዋን ጥላ፣ አርፋ ስትመለስ እንደገና ይደምቃል። ይህ ጤና ነው። ሙቀት፣ ድንጋጤና ዕድሜም ያደበዝዙታል። ውሻ ባባረራት ማግስት ቡናማው ገርጥቶ ወይም ላዩ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ሊወጣ ይችላል። ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

የምትጨነቁት ሦስት ነገር አብሮ ሲመጣ ነው። ቀለሙ ባንዴ ሲገረጣ፣ ቅርፊቱ ሲሸበሸብ፣ ሲሰበር ነጩ እንደ ውኃ ሲፈስ። በተለይ ዶሮዎቹ የሚያስነጥሱ ከሆነ የመተንፈሻ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያስፈልጋል።

"ከጥቅምት ወዲህ አንድም እንቁላል የለም"

ብዙ የሚደወልልኝ በዚህ ነው። ታመው ነው ወይ? መድኃኒት ልስጥ ወይ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ብርሃን ነው።

አገር ቤት ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ዶሮ በቀን ማጠር መጣል ስታቆም አላየንም። ሲያትል ግን ታኅሣሥ ውስጥ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አይሞላም። ዶሮ በደንብ ለመጣል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ብርሃኑ ሲያጥር ሰውነቷ "ዕረፍት ነው" ይላል። በዚያው ሰሞን ዓመት ከመንፈቅ የሞላቸው ላባቸውን መጣል ይጀምራሉ። ጓሮው ትራስ የተቀደደበት ይመስላል። አዲሱ ላባ ለመውጣት ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መተው ነው። ላባ ለሚቀይሩት ፕሮቲኑ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሆነ መኖ እሰጣለሁ፤ ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ነውና። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሰውነታቸው ማረፍ ሲፈልግ ባላስገድዳቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰዓት መቁጠሪያ አብሩ። ጠዋት ይጨመር፤ ማታ አይሁን። ማታ አምፖሉ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል። ታኅሣሥ ላይ እዚህ የሚመሸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። 14 ሰዓት ለመሙላት አምፖሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ መብራት አለበት። እዚህ ላይ ባንዴ አትድረሱ፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ ሂዱ። ማሞቂያ አምፖል ግን አደራ። ገለባና ማሞቂያ አምፖል ስንት የዶሮ ቤት አቃጥሏል። ላባዋ የሞላ ትልቅ ዶሮ የሲያትልን ብርድ ያለ ማሞቂያ ትችላለች።

ወሩ በጋ ሆኖ ከቆሙስ? መጀመሪያ ቁጥቋጦውን ፈትሹ። እኔ አንድ ጊዜ ከአጥሩ ሥር 11 አረንጓዴ እንቁላል አግኝቻለሁ። አንዷ ሳጥኑ ላይ ተዘርግታ አልነሳም ካለች፣ ስትነኳት ላባዋን ነፍታ ከጮኸች፣ መታቀፍ አምሯታል። ሥሩ ሽቦ የሆነ፣ ነፋስ የሚያስገባ ጎጆ ውስጥ ከመኖና ከውኃ ጋር ሦስት አራት ቀን አቆዩአት፤ ይተዋታል።

"ሁዳዴ ገባ፤ እንቁላሉ ግን ይጎርፋል"

ይህን የፈረንጅ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ለገና ዶሮ ወጥ እንቁላል ስንፈልግ ዶሮዎቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። የካቲት ላይ ቀኑ ይረዝማል፤ መጣል ይጀምራሉ። እኛ ደግሞ 55 ቀን ጾም እንገባለን። ስድስት ዶሮ በሳምንት ሁለት ደርዘን ስትጥል ፍሪጁ ይሞላል።

እንቁላሉን አትጠቡት። ሲጣል ከላዩ ባክቴሪያ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው፤ ውኃ ያነሣዋል። ቆሻሻ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ጻፉበትና ፍሪጅ አስገቡ። ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። መታጠብ ካለበት ሊበላ ሲል ይሁን፤ ውኃው ከእንቁላሉ ሞቅ ይበል። ቀዝቃዛ ውኃ ቆሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ስለዚህ የጾሙን መጀመሪያ እንቁላል ለማይጾም ጎረቤት ስጡ። አስኳልና ነጩን መትታችሁ ፍሪዘር ብታስገቡትም ዓመት ይቆያል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ለፋሲካ ያዙ። ትኩስ እንቁላል ሲቀቀል አይላጥም፤ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ይመጣል። ሁለት ሳምንት የቆየው ግን ልስልስ ብሎ ይወጣል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው እሱ ነው። አረንጓዴውም ሰማያዊውም ሲላጥ ነጭ ስለሆነ ድስቱ ውስጥ ልዩነት የለም።

"ቅርፊቱ ስስ ነው፤ አንዳንዴም የለውም"

ቄብ መጣል በጀመረች ሰሞን ከሆነ ይለፋት፤ ይስተካከላል። ካልሆነ ካልሲየም ነው። አንድ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይፈልጋል፤ አብዛኛውም የሚሠራው ሌሊት ዶሮዋ ቆጥ ላይ ሳለች ነው። የባሕር ዛጎል ፍርፋሪ በሌላ ዕቃ አቅርቡላት። ሻካራው ፍርፋሪ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ሌሊቱን ሙሉ ያደርሳታል። ከመኖው ጋር አትቀላቅሉት፤ የፈለገችው ያህል ራሷ ትለቅም። ለጫጩቶች ደግሞ እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች የተዘጋጀ መኖ አትስጡ፤ ካልሲየሙ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሌላው ጥፋት የእኛ ፍቅር ነው። እንጀራ፣ ሩዝ፣ በቆሎ እየበተንን ዋናውን መኖ እናስተዋቸዋለን። ትርፍራፊው ከሚበሉት ከ10 በመቶ አይለፍ። ስስ እንቁላል ሲሰበር ይቀምሱታል፤ ከለመዱትም የራሳቸውን ይበላሉ። ቶሎ ቶሎ ሰብስቡ፤ ሳጥኑ ውስጥ የሸክላ እንቁላል አስቀምጡ።

"አንዷ መጮህ ጀመረች"

አውራ ነው። ሲያትል ውስጥ እስከ 8 ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል፤ አውራ ግን ክልክል ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ እዩ። ድቅል ጫጩት ሲፈለፈል ጾታውን በመልኩ መለየት ከባድ ነው። ስድስት ስምንት ሳምንት ላይ አናቱ ወፍሮ ቶሎ ከቀላ፣ ክንፉ ላይ ዥጉርጉር ቀይ ከታየ ጠርጥሩ። በሦስት ወሩ ጅራቱ ሥር ሹል ላባ ካወጣ አልቋል። ስለዚህ አውራ ቢመጣ ማን እንደሚወስደው ጫጩቱን ሳትገዙ ተነጋገሩ። ልጆች ስም ካወጡለት በኋላ መለያየት ያማል።

"ማታ ቤታቸው አልገባም ይላሉ"

በባትሪ ሂዱና ቆጡን ከሥሩ እዩ። ቀይ ማይት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የዶሮዎቹን ደም ይመጥጣል። ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር ሳቡት፤ ቀይ ነጠብጣብ ከያዘ እሱ ነው። ገለባውን አውጡና አቃጥሉ ወይም ጣሉ፤ ስንጥቁን ሁሉ ለዶሮ በተፈቀደ የተባይ መድኃኒት፣ በፐርሜትሪን ርጩ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ መጀመሪያ የተረፈው ዕንቁላሉ ይፈለፈላልና። ድመት ካለች ራቅ አድርጓት፤ ፐርሜትሪን ድመት ይገድላል። ለዶሮዎቹ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የሚንከባለሉበት ቦታ ይኑራቸው። አያቶቻችን ምድጃ ዳር የተዉላቸው አመድ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር።

"ጠዋት አንዷን ሞታ አገኘሁ"

ላባ ተበትኖ ከሆነ ራኩን የሚባለው ሌሊት የሚያድን የዱር እንስሳ ሊሆን ይችላል። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ዶሮን ያስቀራል እንጂ ራኩንን አያቆምም፤ በእጁ ይቀደዋል። ቀዳዳው 1.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብየዳ ሽቦ ግዙ፤ ጫፉን 30 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቅበሩ። በሩ ላይ ሁለት እርምጃ የሚፈልግ ቁልፍ አድርጉ። ተራ መቀርቀሪያ ራኩን ይከፍታል።

ቁስል ሳይኖር በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብዙዎች ከሞቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2022 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን አሜሪካ ውስጥ እየተዛመተ ነው። ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ፤ የቀሩትን አታንቀሳቅሱ። ለግዛታችሁ የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ያን ዕለት ደውሉ። መኖና ውኃቸውን የዱር ዳክዬ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር አድርጉ፤ ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ጫማ ለዩ። የእኔ ቡትስ በሩ ጋ ተሰቅሏል፤ ሌላ ቦታ አልሄድበትም።