ናሱ በርቷል ግን ኮምፒውተሩ አላገኘሁትም ካለ ከየት ትጀምራላችሁ

መጀመሪያ ነገር ናስ ስላችሁ ጌጣጌጥ ሚሰራበትን ብረት አይደለም፣ ራውተሩ ላይ ተሰክቶ የቤቱን ሰው ፋይል ሁሉ ሚይዘውን ሃርድ ዲስክ ያለበትን ሳጥን ነው። እኛ ቤት የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የስራ ዶክመንት ምናምን ሁሉ እሱ ላይ ነው። በቀደም መብራት ሄዶ ሲመጣ ታዲያ ዴስክቶፑ ላይ ናሱን ሚከፍትልኝ ዜድ ድራይቭ ቀይ ምልክት ይዞ ጠበቀኝ፣ ስከፍተው ኤረር ዜሮ ኤክስ 80070035፣ ቦታውን አላገኘሁትም ነው ሚለው። ሳጥኑ ግን በርቷል፣ ስልኬ ላይም በአፑ ይከፈታል። ግማሽ ቀን ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ሁሉ ስነካካ ዋልኩ፣ ፋየርዎል አጠፋሁ፣ የማላውቀውን ሰርቪስ አበራሁ፣ ወይ ፍንክች። ለካ ዴስክቶፑ ምንም አልሆነም ነበር።

ስለዚ ምንም ሴቲንግ ሳትነኩ መጀመሪያ ችግሩ አድራሻው ነው፣ መንገዱ (ግንኙነቱ) ነው ወይስ ቁልፉ (ዩዘርኔምና ፓስወርዱ) ሚለውን ለዩ።

አድራሻውን ለማየት ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍታችሁ ከላይ ባለው ሳጥን ላይ በስም ሳይሆን በአይፒ፣ ማለትም በቁጥር አድራሻው ጻፉት፣ \\192.168.1.17 እንደማለት፣ የእናንተን አይፒ ደሞ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ታገኙታላችሁ። በአይፒ ከተከፈተና በስም እምቢ ካለ ናሱም መንገዱም ደህና ነው፣ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። በግራ በኩል ኔትወርክ ሚለው ውስጥ ስላልታየ ደሞ የለም ማለት አይደለም፣ እሱ ዝርዝር ባዶ ሆኖም ፎልደሩ ሊከፈት ይችላል፣ እኔ እሱን ማየት ትቻለሁ። የኔ ጉድ ምን ነበር፣ መብራት ሲመለስ ራውተሩ ለናሱ አዲስ አይፒ ሰጥቶታል፣ 12 የነበረው 17 ሆኗል፣ ዜድ ድራይቭ ደሞ የተሰራው በድሮው ቁጥር ስለነበር ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ነበር። መፍትሄው ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ (አይፒ ሚያድለው ክፍል) ውስጥ አድራሻ ሪዘርቭ ሚል አለ፣ እዛ ላይ ናሱን አንዴ ካሰራችሁት መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድም ቁጥሩ አይቀየርም። እኛ ሰፈር ባለው የመብራት ሁኔታ ይሄን ናሱን የገዛችሁ ቀን ነው መስራት ያለባችሁ።

በአይፒም ካልተከፈተ ሲኤምዲ (ትዕዛዝ ሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ ፒንግ አርጉት፣ ping ብላችሁ አይፒውን መጻፍ ነው፣ ናሱ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ያሳያል። መልስ ከሌለ ኬብሉን፣ ስዊቹን እዩ፣ ዋይፋይ ከሆናችሁ ደሞ የእንግዳ ዋይፋዩ ላይ እንዳልሆናችሁ አረጋግጡ፣ እሱ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ የቤት ውስጥ ዕቃ አያሳይም። የመስሪያ ቤት ቪፒኤን በርቶም ከሆነ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ፒንግ መልስ እየሰጠ ፎልደሩ ካልተከፈተ ፋይል ሼሪንጉ ሚያልፍበት ፖርት 445 ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይ ናሱ ላይ ኤስኤምቢ ሚለው ፋይል ሼሪንጉን ሚያሰራው ሰርቪስ ጠፍቷል። ይሄ ብዙ አያደክምም።

ሚያደክመው ቁልፉ ነው። ብዙ ሰው ሚሳሳተው የዊንዶውስ ፒኑን እዛ ላይ ሲጽፍ ነው፣ አራት አምስቴ ጽፎ ተዘጋብኝ ይላል። ፒን ለዛ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ናሱ አያውቀውም፣ ሚፈልገው ናሱ ላይ የከፈታችሁትን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ነው። ዊንዶውስ ደሞ አንዳንዴ በራሱ አካውንት ስለሚሞክር ዩዘርኔም ሚለው ላይ የናሱን ስም፣ ከዛ ባክስላሽ፣ ከዛ ዩዘርኔሙን ጻፉ። ፓስወርድ በቅርብ ከቀየራችሁ ክሬደንሻል ማናጀር (ዊንዶውስ ፓስወርድ ሚያስቀምጥበት) ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን አጥፉት፣ አለበለዚያ ተደብቆ እሱን እየላከ ያደርቃችኋል። ኤረር 1219 ካያችሁ አንዱን ናስ በሁለት ዩዘር ልትገቡበት ነው ማለት ነው፣ ሲኤምዲ ላይ ኔት ዩዝ (net use) በሚለው ትዕዛዝ የቆየውን ግንኙነት ዲሊት አርጉና እንደገና ግቡ።

እና ደግሞ ትናንት ይሰራ የነበረ ከአፕዴት በኋላ እምቢ ካለ። በ2017 መስከረም የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት፣ 24ኤች2 ሚሉት፣ ፕሮ ላይ ሁለት ነገር ቀይሯል፣ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባት ከለከለ፣ ሚላክ ሚመጣው ሁሉ ደሞ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ ማረጋገጫ እንዲፈረምበት አስገደደ። ሚያወጣው መልዕክት የድርጅታችሁ የሴኩሪቲ ፖሊሲ አይፈቅድም ይላል፣ የምን ድርጅት፣ እኔ ሳሎኔ ውስጥ ነኝ እኮ። ያለ ፓስወርድ የገባ ሰው ሚፈርምበት ቁልፍ ስለሌለው አንዱን ክልከላ ብቻ ማንሳት አይበቃም፣ ኢንተርኔት ላይ ሁለቱንም አጥፉ ይሏችኋል። አታጥፉ ባይ ነኝ። ናሱ ላይ ፓስወርድ ያለው ዩዘር መክፈት ሁለት ደቂቃ ነው።

ከዛ የባሰው ምክር ኤስኤምቢ 1ን አብሩ ሚለው ነው። ያ የድሮው አሰራር ነው፣ በ2009 ግንቦት ላይ ዋናክራይ ሚባለው ቫይረስ አለምን ያዳረሰው በሱ ቀዳዳ ነው፣ ዊንዶውስም ከዛ በኋላ ነው ከአዲስ ኮምፒውተር ላይ ያወጣው። ናሱ ሴቲንግ ውስጥ ዝቅተኛውን ኤስኤምቢ 2፣ ከፍተኛውን 3 አርጉት። 2 ሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለው መጀመሪያ የናሱን ሶፍትዌር አፕዴት አርጉ፣ ካልሆነ ፋይሉን አውጡና ሳጥኑን ጡረታ አውጡት።

ተከፍቶ ማንበብ እየተቻለ መጻፍ እምቢ ካለ ናሱ ላይ የፎልደሩን ፐርሚሽን እዩ፣ ማንበብ ብቻ ሆኖ ነው።

አንድ የቀረኝ፣ እሱ ደሞ የኛ የአማርኛ ጻፊዎች ችግር ነው። ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ በሰላም ተቀምጦ ወደ ናስ ኮፒ ሲደረግ ስሙ ረዘመ ይላል። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ አብዛኛው ናስ ግን ሚቆጥረው ባይት ነው፣ 255 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደሞ ሶስት ባይት ይበላል። እንግሊዝኛ ሚጽፍ ሰው 255 ፊደል ሲጽፍ እኛ 85 ላይ እናልቃለን ማለት ነው። እኔ የቃለ ጉባኤ ፋይል ላይ ርዕሱን፣ ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች ስም ሁሉ ደርድሬ ነው ያገኘኝ። ኮፒው የቆመበትን ፋይል ስም አሳጥሩና እሱን ብቻ መልሳችሁ ኮፒ አርጉት፣ ያለፈውን እንደገና መላክ አያስፈልግም።