ለአካባቢ ዘገባ የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቁ

ለአካባቢ ጋዜጠኝነት ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። የመገናኛ ብዙኃንን የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢንተርኒውስ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ አንዱ ነው፤ ፑሊትዘር ሴንተርም ሌላው። የማመልከቻ ጥሪያቸውን በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ።

ማመልከቻ በብዛት የሚወድቀው ርዕስ ብቻ ይዞ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ «እምቦጭ ጣናን እያጠፋ ነው» ማለት ሁሉም የሚያውቀውን መድገም ነው። ይልቁንም እንዲህ ይጠይቁ፦ ከዳያስፖራው በተዋጣ ገንዘብ ጭምር ወደ ሐይቁ የገቡት የማጨጃ ማሽኖች ስንት ቀን ሠሩ? ነዳጁንና መለዋወጫውን ማን ይችላል? የታጨደው አረም የት ይጣላል? ጥያቄው እንዲህ ሲጠብ ማንን እንደሚያነጋግሩና የትኛውን ሰነድ እንደሚሹ ራሱ ይነግርዎታል፦ የማሽኑ ኦፕሬተር፣ የግዢ ውል፣ ዳር ላይ በእጁ የሚነቅለው ገበሬ፣ መረቡ በአረም የተያዘበት ዓሣ አጥማጅ።

የሳተላይት ምስልም ያክሉ። የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል 2 ምስል በነጻ ይገኛል፤ ሳተላይቱ በ5 ቀን አንዴ ያልፋል፣ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ይለያል። ክረምት ላይ ግን ደመናው ይሸፍነዋል። ስለዚህ የመስክ ጉዞውንም ምስሉንም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ያቅዱ፤ አረሙም በደንብ ተንሰራፍቶ የሚታየው ያኔ ነው።

ከአርታኢ የተፈረመ ደብዳቤ አስቀድመው ይያዙ። «ዘገባውን እናትመዋለን» የሚል ግልጽ ቃል ይኑረው፤ «ፍላጎት አለን» አይበቃም። ገንዘብ ሰጪው ዘገባውን በነጻ መልሶ የማሰራጨት መብት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ አርታኢው ይህን ከውሉ በፊት ይወቅ።

በጀቱ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የመስክ ጉዞው ስድስት ቀን ከሆነ ሁለቱን ለመንገድ፣ አራቱን በሐይቁ ዳር ላሉት ቀበሌዎች ይመድቡ። አበል፣ ማደሪያ፣ መኪና፣ ጀልባና የጀልባ ነዳጅ ለየብቻ ይጻፉ፤ «የትራንስፖርት ወጪ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ጥርጣሬ ይጋብዛል። የእንግሊዝኛ ትርጉም ከተጠየቀ የተርጓሚውን ክፍያ አይርሱ፤ የራስዎን የሥራ ዋጋም እንዲሁ፣ ጥሪው ከፈቀደ። የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ብዙ ስለተቀያየረ፣ በዶላር ይጠይቁና የተጠቀሙበትን ተመን ከነቀኑ ያስፍሩ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ነው፤ ቀሪው የሚለቀቀው ዘገባው ሲወጣ ስለሆነ፣ የመስኩ ወጪ በመጀመሪያው ዙር እንዲሸፈን ቀድመው ይደራደሩ።

ባለጀልባው ደረሰኝ የለውም። ስሙ፣ ቀኑ፣ መጠኑና ፊርማው ያለበት ወረቀት አዘጋጅተው ይሂዱ፤ ሲመለሱ ማስፈረም አይሆንልዎትም።

አንድ ነገር ግን አይደራደሩበት፦ ገንዘብ የሰጠ አካል ዘገባውን ከመውጣቱ በፊት አይቶ የማጽደቅ መብት የለውም፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ። ማሽን ከሚያቀርብ ወይም ከሐይቁ ውኃ ከሚስብ ድርጅት ገንዘብ አይቀበሉ። ድጋፉን የሰጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ዘገባው ሥር ለአንባቢ በአንድ መስመር ይገለጽ።