ኦኤልቲውን ከመንካታችሁ በፊት ማን ማን እንደወደቀ እዩ

በፋይበር ኢንተርኔት ስራ ላይ አላርም ሲያይ ቀጥታ ኦኤልቲውን (የደንበኞቹ ፋይበር ሁሉ የሚገናኝበትን ዋና መሳሪያ) ሪስታርት የሚያደርግ አለ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ደህና እየሰራ የነበረውን ደንበኛ ሁሉ ትጥሉና ምክንያቱንም ሳታውቁት ትቀራላችሁ።

አንድ ቤት ብቻ ከጠፋ ኦኤልቲው የለበትም። ሎጉ ላይ ዳይንግ ጋስፕ (መሳሪያው ሊጠፋ ሲል የሚልከው የመጨረሻ መልእክት) ካለ ኦኤንቲው (ደንበኛው ቤት ያለው የፋይበር ሳጥን) መብራት ጠፍቶበት ነው፣ አትድከሙ። ኤልኦኤስ (የብርሃን ሲግናል መጥፋት) ከሆነ ግን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ፓወር ሜትሩን (የብርሃን ኃይል መለኪያውን) 1490 ናኖሜትር፣ ማለትም ኦኤልቲው ወደ ቤት የሚልክበት ሞገድ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ክላስ ቢ ፕላስ በሚባለው የሌዘር ኃይል ደረጃ ላይ የኦኤንቲው የመቀበል ወሰን ማይነስ 27 ዲቢኤም ነው፣ እኔ ግን ማይነስ 25 ካየሁ ራሱ አልተወውም። ብዙ ጊዜ ኮኔክተሩ ቆሽሾ ነው ወይ ገመዱ በር ስር ተጣጥፎ፣ አንዳንዴ ደሞ አረንጓዴውን ኮኔክተር ሰማያዊው ላይ ሰክተውት።

ከኦኤልቲው አንድ ፖርት ላይ ያሉት ደንበኞች ሁሉ በአንዴ ከጠፉ ወይ ኤስኤፍፒው (ፖርቱ ላይ የሚሰካው የሌዘር ሞጁል) ሞቷል ወይ ዋናው ፋይበር ተበጥሷል። ፓች ኮርዱን (አጭሩን ማገናኛ ፋይበር) ነቅላችሁ ከፖርቱ የሚወጣውን ለኩ (አይናችሁን አታስጠጉ፣ ብርሃኑ አይታይም ግን ይጎዳል)፣ ከ1.5 እስከ 5 ዲቢኤም ካለ ኤስኤፍፒው ጤነኛ ነው፣ ኦቲዲአር (ፋይበሩ የት እንደተበጠሰ የሚያሳየውን መሳሪያ) ይዛችሁ ውጡ። የጠፋው የፖርቱ ከፊሉ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን ደረጃ ስፕሊተር (አንዱን ፋይበር ለብዙ ቤት የሚከፍለውን) ጠርጥሩ። ኦኤንቲዎቹ ሁሉ ገብተው ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ አፕሊንኩን (ኦኤልቲው ከዋናው ኔትወርክ የሚገናኝበትን መስመር) እዩ።

የሚያሳብደው ሌላ ነው። አንድ ፖርት ላይ ያሉት በሙሉ ይወጣሉ ይገባሉ፣ ቤት ሄደህ ስትለካ ግን ማይነስ 19፣ ማይነስ 20፣ ምንም አይልም። እኛ ኤስኤፍፒ ቀይረን ፓች ኮርድ ቀይረን ካርዱን ልንቀይር ስንል ነው የገባን። ኦኤንቲዎች ወደ ላይ የሚልኩት በ1310 ተራ በተራ ነው፣ አንዱ ሌዘሩ በርቶ ከቀረ የሌሎቹን ተራ ሁሉ ይበላዋል። ፋይበሩን ከኦኤልቲው ነቅላችሁ ጫፉን ሜትሩ ላይ ሰክታችሁ 1310 ላይ እዩ፤ ከላይ ብርሃን ያጣ ኦኤንቲ ዝም ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሜትሩ ባዶ መሆን አለበት፣ ካነበበ ጥፋተኛው እዛው አለ። አንድ ሰው ሜትሩ ጋ ይቁም፣ ሌላው ስፕሊተሩ ጋ ስልክ ይዞ መስመሮቹን አንድ በአንድ ይንቀል፣ ንባቡ የጠፋበት መስመር እሱ ነው። አንዳንዱ ግን ሲሰራ ብቻ ነው የሚያብደው፣ ለሱ ፖርቱ በርቶ እያለ እየነቀላችሁ ሌሎቹ መቼ እንደሚረጋጉ ጠብቁ።

ያወጣችሁትን ኦኤንቲ ላዩ ላይ «ብልሽት» ብላችሁ ጻፉበት። እኛ ጋ አንዱ መብራቱ ይበራል ብሎ ሌላ ቤት ተክሎት በሳምንቱ ሌላ ፖርት ላይ ያው ነገር።