አራት ሰው በአንድ የመርከብ ክፍል፦ ሳይኮራረፉ ለመክረም

ከማያሚ፣ ከጋልቬስተን ወይም ከባልቲሞር ወደብ ተነሥተው ወደ ባሃማስና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በሚሄዱ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ፣ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ስፋት በአብዛኛው ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ነው። አልጋዎቹ፣ ቁም ሣጥኑና መታጠቢያ ቤቱ የያዙት ሲቀነስ፣ ሰው ቆሞ የሚንቀሳቀስበት ወለል ከአንድ ቀጭን መተላለፊያ እምብዛም አይበልጥም። ይህ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ለአራት ሰው ይሸጣል፤ አራት ሰውም ሳይጣላ ሊከርምበት ይችላል። ዘዴው ቦታውን ለመከፋፈል አለመሞከር ነው፤ ለክፍፍል የሚበቃ ቦታ የለምና። የሚከፈለው ሰዓቱ ነው፦ ማን መቼ ይታጠባል፣ ማን መቼ ይተኛል፣ ክፍሉስ መቼ ለማን ይለቀቃል።

ክፍል ከመያዝዎ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ የአልጋ ብዛት አይደለም፤ የመታጠቢያ ቤት ብዛት ነው። አልጋ ለአራቱም ይገኛል። ሁለቱ ታች ያሉት አልጋዎች እንደ ፍላጎት ተለያይተው ወይም ተጋጥመው ይነጠፋሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ከጣሪያው ወይም ከግድግዳው ተዘርግቶ በመሰላል የሚወጣበት የላይ አልጋ፣ አለበለዚያም ማታ ማታ የሚዘረጋ ሶፋ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ገብቶ ክርኑን ሲዘረጋ ግድግዳው ይነካዋል። ስለዚህ ወላጆች ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ከሆኑ አንድ ክፍል ይበቃቸዋል፤ አራት አዋቂዎች ከሆኑ ግን በረንዳ ካለው አንድ ክፍል ይልቅ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የውስጥ ክፍሎችን ዋጋ አስልቶ ማወዳደር ይበጃል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለት መታጠቢያ ቤትም ከበረንዳ የበለጠ ሰላም ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። በመካከላቸው በር ያላቸው ክፍሎች ደግሞ አሉ፤ ታዳጊ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ከሁሉ የሚመረጡት እነዚህ ናቸው።

በአንድ ክፍል ለመቆየት ከወሰኑ ደግሞ ተጨማሪው አልጋ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። የተዘረጋ ሶፋ ሌሊት የቀረውን ወለል ይዘጋዋል፤ ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰውም የተኛውን መርገጡ አይቀርም። የላይ አልጋ ወለሉን አይነካም፤ ሆኖም ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ሌሊት ለሚነሡ ሰዎች፣ እንዲሁም ለሕፃናት አይሆንም። መርከቡ ባዶ ክፍሎች እያሉት «ለአራት ሰው የሚሆን አልቋል» ሊባሉም ይችላሉ። ምክንያቱ በየአካባቢው ያሉት የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚይዙት ሰው ቁጥር የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ቀደም ብለው መያዝ አለባቸው። ቦታውን በሚመለከት፣ ከመርከቡ ወገብ አካባቢና ከታችኛዎቹ ፎቆች ማዕበሉ ብዙም አይሰማም። ከመዋኛው ገንዳ በታች ወይም ከጭፈራ ቤቱ በላይ ያለ ክፍል ግን ርካሽ ቢሆንም ይቅርብዎ።

ከክፍሉ መጥበብ ይልቅ ጓደኛሞችን የሚያጣላው ሒሳቡ ነው። ዋጋው የሚሠራው በሁለት ሰው ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ይከፍላሉ። የወደብ ክፍያና ግብር ግን በነፍስ ወከፍ ነው። የአገልግሎት ጉርሻውም እንዲሁ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በብዙዎቹ የአሜሪካ ገበያ ኩባንያዎች ዘንድ ለመደበኛ ክፍል በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይታሰባል። ጓደኛሞች ከሆናችሁ ጠቅላላውን ደምሮ ለአራት እኩል ማካፈል ይሻላል፤ «እኔ ሦስተኛ ነኝ፣ የኔ ርካሽ ነው» የሚል ክርክር ከተነሣ የላይ አልጋው ለማን ነው የሚለውም አብሮ ይነሣል። አንድ ሰው ቢቀር የሌሎቹ ዋጋ እንደገና ሊሰላ እንደሚችል፣ ከሁለት ተጓዦች አንዱ ቢቀር ደግሞ የቀረው ብቻውን የሁለት ሰው ዋጋ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ፤ ያን ጊዜ ትርፉን ማን እንደሚከፍልም በስልክ መልእክት ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ተስማሙ። በመርከቡ ላይ ለሚወጣው ወጪ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ ያስመዝግብ። ሁሉም በአንድ ካርድ ላይ ከተጻፈ፣ በመጨረሻው ሌሊት የሁለት መቶ መስመር ደረሰኝ ይዞ «ይህ ቡና የማን ነበር?» ማለት ይመጣል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ሮያል ካሪቢያንንና ካርኒቫልን ጨምሮ አንዳንድ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ከተመዘገቡት አዋቂዎች አንዱ የአልኮል መጠጥ ጥቅል (ለመጠጥ አስቀድሞ በአንድነት የሚከፈልበት) ከገዛ፣ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሌሎቹም እንዲገዙ ይጠይቃሉ። መጠጥ የማይቀምስ ወይም በጾም ላይ ያለ ሰው ከሚጠጣ ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ሲይዝ ይህ ደንብ ኪሱን ይነካል። ስለዚህ አልጋ ከመከፋፈላችሁ በፊት ማን ጥቅል እንደሚፈልግ ተጠያየቁ፤ ሁለት ክፍል ካላችሁም የሚጠጡትን በአንዱ፣ የማይጠጡትን በሌላው ማስመዝገብ ይቻላል።

የእኛን ቤተሰቦች የሚመለከት የስም ጉዳይም አለ። በእኛ ልማድ ባል፣ ሚስትና ልጆች የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ፣ በአንድ ክፍል የተመዘገቡ የአንድ ቤት ሰዎች ለመዝጋቢው የማይዛመዱ ይመስሉታል። ልጆቿን ብቻዋን ይዛ የምትጓዝ እናት የልደት ምስክር ወረቀታቸውን፣ አባትየው ካለም የፈቃድ ደብዳቤውን ብትይዝ ወደቡ ላይ ከመጉላላት ትድናለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህን ንግግር የሚያከብደው ደግሞ ይሉኝታ ነው። እናት መሰላል መውጣት እንደማይችሉ እየታወቀ «ግዴለም፣ እኔ የትም እተኛለሁ» ይላሉ። የሚያንኮራፋው አጎት ማንኮራፋቱን የሚነግረው የለም፤ አንገቱን ደፍቶ የሚተኛው ወንድም በብርሃን እንቅልፍ እንደማይወስደው አይናገርም። በሰፊ ቤት ይሉኝታ ጌጥ ነው፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ግን በሦስተኛው ቀን ወደ ኩርፊያ ይለወጣል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ደፈር ያለ ሰው ጥያቄዎቹን በግልጽ ያንሣ፦ ማን ያንኮራፋል፣ ማን ሌሊት ይነሣል፣ ማን ማለዳ ይጸልያል፣ ማን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ይገባል፣ የአየር ማቀዝቀዣውስ ምን ያህል ይከፈት። ታላላቆች ታችኛውን አልጋ ይይዛሉ፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ሰዓት ስትቀጣጠሩም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተስማሙ፤ እማማ «ሁለት ሰዓት» ሲሉ ጠዋት ማለታቸው ነው፣ አሜሪካ ያደገው ልጅ ግን ከቀትር በኋላ ይመጣል። የመርከቡ ሰዓትም ከስልክዎ ሰዓት ሊለይ ስለሚችል፣ የእጅ ሰዓትዎን በመርከቡ ሰዓት ሞልተው እሱን ይከተሉ።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ባልቲሞር በመኪና የሚሄድ ቤተሰብ ሻንጣ የሚመዝንበት የለምና ቤቱን ጠቅልሎ ይጭናል፤ ክፍሉ ሲገባ ግን በሻንጣው ላይ ካልሆነ የሚቆምበት አያገኝም። ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ ሻንጣ ይበቃል፤ ባዶው ሻንጣ አልጋ ሥር መግባት ስላለበት ድርቅ ካለው ይልቅ ለስላሳውና የሚተጣጠፈው ይመረጣል። ግድግዳው በአብዛኛው ብረት ነው፤ ስለዚህ ጥቂት የማግኔት መስቀያዎች ይያዙ። ባርኔጣው፣ እርጥብ የዋና ልብሱ፣ ቦርሳውና የመግቢያ ካርዱ ከወለሉ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ክፍሉ የሰፋ ይመስላል። በበር ላይ የሚንጠለጠል ኪስ ያለው የጫማ መያዣም የአራት ሰው ሳሙና፣ ቅባትና መድኃኒት ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኪስ ይስጡ።

ሶኬት ጥቂት ነው፤ የአራት ሰው ስልክ ደግሞ አራት ነው። መፍትሔው ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ነው እንጂ ዲቫይደር አይደለም፤ የኃይል መጨመርን የሚከላከል ዲቫይደር በመርከብ ላይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ይከለከላል፣ በፍተሻም ይወሰዳል። አንዳንድ ኩባንያዎች ማንኛውንም ማራዘሚያ ገመድ ስለማይፈቅዱ የኩባንያዎን ዝርዝር ቀደም ብለው ያንብቡ። ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ጧፍና ዕጣንም በተለመደው የክልከላ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ጀበናው ለብቻው ማንንም ባያስከፋም፣ የሚጣድበት ነገር አይገባምና ቤት ይቅር። ቤት የተሠራ ምግብም ብዙ ኩባንያዎች አይቀበሉም፤ ቢቀበሉት እንኳ መስኮት በሌለው ክፍል የተከፈተ በርበሬ ሳምንቱን ሙሉ አብሮ ያድራል።

በመሳፈሪያው ቀን ክፍሉ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያስረከቡት ሻንጣ ግን አመሻሹ ላይ ሊደርስ ስለሚችል መድኃኒት፣ ሰነድና የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የክፍሉን አስተናጋጅ ያን ዕለት ሲያገኙት ስሙን ይያዙ፣ ከዚያም አልጋዎቹ ይለያዩ ወይስ ይጋጠሙ፣ የላይ አልጋዎቹ ቀን ቀን ይታጠፉ ወይስ ተዘርግተው ይዋሉ የሚለውን ይንገሩት። ቀን ቢታጠፉ ጥሩ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ ይቀመጥበታል። ተጨማሪ መስቀያና ብርድ ልብስም ይጠይቁት። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ የሚደረገው የደኅንነት ልምምድ ግዴታ ነው፤ ይህ ደንብ የጠበቀው በ2012 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ ኢጣሊያ አጠገብ ከሰጠመች በኋላ ነው። በክፍሉ ያላችሁ ሁሉ የመሰብሰቢያ ቦታችሁን እወቁ፤ በተለይም ልጆች።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል የክፍሉ ፈተና ነው፤ ሁሉም በአንድነት መታጠብ ይፈልጋልና። ከአራቱ ሁለቱ ማታ ቢታጠቡ የጠዋቱ ሰልፍ በግማሽ ይቀንሳል። ለቀሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ይመደብ፤ ፀጉር መሥራትና መኳኳል ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ መስታወት ባለው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። በአብዛኞቹ መርከቦች ስፖርት ቤቱ አጠገብ የገላ መታጠቢያ እንዳለ ብዙ ተሳፋሪ አያስተውልም፤ ማለዳ ስፖርት የሚሠራ ሰው እዚያው ታጥቦ ቢመለስ ለሌሎቹ ውለታ ነው። ሽንት ቤቱ በአየር ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ከሽንት ቤት ወረቀት ሌላ ምንም አይጣልበት፤ ተደፍኖ ሠራተኛ እስኪመጣ አራት ሰው የሚጠብቅበትን ሰዓት አስቡት።

ሌሊቱ በውስጥ ክፍል ፍጹም ጨለማ ነው፤ እጅን እንኳ ማየት አይቻልም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይተዉ። ብዙ መርከቦች ቴሌቪዥናቸው ላይ ከመርከቡ ፊት ለፊት ያለውን ባሕር የሚያሳይ ጣቢያ አላቸው፤ ድምፁን አጥፍተው ከተዉት ሲነጋ ክፍሉም አብሮ ይነጋል። አምሽቶ የሚገባ ሰው ቢጃማውን ከመውጣቱ በፊት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይስቀል፤ በጨለማ ሻንጣ መፈተሽ የሁሉንም እንቅልፍ ይገፋል። ማለዳ ለጸሎት የሚነሡ እናቶችና አባቶችም ማታውኑ ነጠላቸውንና መጽሐፋቸውን በር አጠገብ ቢያኖሩ፣ ጎሕ ሲቀድ ላይኛው ፎቅ ላይ ከባሕሩ ፊት ጸጥ ያለ ቦታ ያገኛሉ፤ በዚያ ሰዓት ከጽዳት ሠራተኞች በቀር ማንም የለም። የጆሮ መድፈኛ ለሁሉም ይያዝ፤ ለሚያንኮራፋውም ጭምር፣ ለብቻው እንዳይሳቀቅ።

ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ይልቀቁለት። ዛሬ ክፍሉ የእርስዎ ከሆነ ነገ የእህትዎ ይሁን፤ ሰው መተኛት፣ ማልቀስ፣ ስልክ ማውራት ወይም ዝም ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል። ሕፃን ካለ ይህ ሰዓት የእሱ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን አያሳፍሩም፤ የሕፃን አልጋ በጥያቄ ይሰጣሉ፣ ነገር ግን እሱ ሲዘረጋ የቀረችውን ወለል ይወስዳታል፤ ስለዚህ ሕፃን እንደ አንድ ሙሉ አዋቂ ቦታ ይቆጠር። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ካለ ለመርከቡ ሐኪም ሳይዘገዩ ይንገሩ። ሕመሙ ይተላለፋል፤ ታማሚው ከክፍል እንዳይወጣም ሊታዘዝ ይችላል። ታማሚው ታችኛውን አልጋ ይያዝ፤ ሌሎቹም እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ ቀኑን ውጭ ያሳልፉ።

በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣችሁን በር ላይ እንድታስቀምጡ ትታዘዛላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ሆነን ስንጓዝ፣ ክፍሉ ስለጠበበን ተቻኩለን ሁሉንም ልብስ ጠቅልለን አወጣን፤ ጠዋት የእህቴ ልጅ በቢጃማና በእኔ ሹራብ ከመርከብ ወረደ። ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት የነገው ልብስና ጫማ የአራቱም ታጥፎ አልጋ ላይ ይታይ። ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ኋላ ይቅርና ካዝናውን ከፍቶ ፓስፖርቶቹን ይቁጠር፣ በአልጋዎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ይመልከት፣ ማግኔቶቹንም ከግድግዳው ይልቀም።