«ማን ሞተ?» እና ሌሎች ራስን ፎቶ ሲያነሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት የእናቴን ነጠላ ለብሼ ራሴን ፎቶ አነሳሁ። መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ጥለቱ ለፊቴ እንዲቀርብ ወደ ላይ አዞርኩት። ፎቶውን በጣም ስለወደድኩት ደሴ ላለችው እናቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንቺ! ማን ሞተ?»

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ካሜራ ፊት ስቆም ግን ጥለቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ስለ ማንነቴ ላወራ ተነስቼ የቤቴን ቋንቋ ረሳሁት። እስካሁን ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይሳቅብኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ከመልበሳችሁ በፊት ምን እንደሚናገር የምታውቅ ሴት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንዷ ወጥ ቤት ውስጥ አለች።

አሁን ራስን በፎቶ መግለጽ ለሚጀምሩ ልጆች ሥልጠና እሰጣለሁ። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ። አብዛኞቹ ያስቁኛል። አንዱ ግን ደሜን ያፈላዋል፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን። ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጎ፣ ተጭኖ፣ ሮጦ መቆም። አብዛኛው ካሜራ ፎከስ የሚያደርገው ስትጫኑት ነው፤ ያኔ እናንተ ገና ከኋላው ናችሁ። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ እንዲህ አቃጥያለሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የግድግዳው ስንጥቅ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ እኔ ጭስ መስያለሁ። መድኃኒቱ መጥረጊያ ነው። የምትቆሙበት ቦታ ወንበር አድርጉና መጥረጊያ አስደግፉበት፤ እሱ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ፣ እንዳይለወጥ ፎከሱን ወደ ማንዋል ቀይሩት። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉና እዚያው ቁሙ። ሪሞት ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ሊያልፈው ይችላል።

ስልክን በክንድ ርቀት ይዞ ማንሳት አፍንጫ ያሳብጣል። ሙቀጫ ላይ አስደግፉት፣ የኋላውን ካሜራ ክፈቱ፣ ሁለት ሜትር ራቁ። አለቀ።

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ነጭ ግድግዳ ፊት መቆም ሌላው ነው። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊታችሁ ከሰል ይሆናል። ከዚያ ሰዉ ምን ያደርጋል? ፊልተር ይከፍታል። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ አንገቱ በነበረበት ቀርቶ ይወጣል። እባካችሁ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ወደ +1 ጨምሩ። ስልክ ከሆነ ፊታችሁ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ ሳቡት።

ደቡብ አፍሪካዊው ፎቶ አንሺ ዛነሌ ሙሆሊ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ከ2012 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ራሳቸውን ባነሱባቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ንፅፅሩን ከፍ አድርገው ቆዳቸውን ከሆነው በላይ አጥቁረውታል። ያጌጡት ደግሞ በልብስ መቆንጠጫና በድስት መፈግፈጊያ ነው። እናታቸው ቤስተር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ በስማቸው የተሰየሙ ፎቶዎች አሉ። ዕቃው ከየትም የመጣ ተራ ዕቃ ነው፤ እዚያ ፎቶ ላይ የደረሰው ግን በእናት እጅ አልፎ ነው።

ፊትን ነጭና ቀይ ቀለም ቀብቶ መምጣትም አለ። የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ አይተው ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ ማንም ያየው ይቀናል። ግን አይዳ በ2016 ላሳየችው ሥራ «ዓለም ዘጠኝ ናት» የሚለውን ስም ያገኘችው ከአያቷ አፍ ነው፣ ዓለም መቼም ሞልታ አታውቅም ከሚሉት። ልጆቻችን ቀለሙን ይቀዳሉ፣ አያትየዋን ይተዋሉ። የእናንተ አያት ምን ይሉ ነበር? እስቲ ከዚያ ጀምሩ።

መስኮት ዳር ቆሞ መተከዝ ይብቃን። ከአሥር ፎቶ ስምንቱ እሱ ነው።

ያነሳችሁትን እዚያው አታጥፉ። የዛሬ ዓይናችሁ የሚያየው ጉንጫችሁን ብቻ ነው። አንድ ወር አስቀምጡትና ተመለሱበት።

ትራይፖድ መንገድ ላይ ስትተክሉ ጥበቃ ይመጣል። አትጨቃጨቁ፤ ያነሳችሁትን አሳዩት። አንዴ «ተጠንቀቂ፣ ፀሐዩ ከኋላሽ ነው» ያለኝ ጥበቃ ገጥሞኛል፤ ልክ ነበር።

አሁን ደሜ ወደሚፈላበት። «ስለ ማህበረሰብ ነው የምሠራው» ብሎ የድሃ ልብስ መልበስ። በየሥልጠናው አንድ አይጠፋም። አንዱ ፊቱን ከሰል ቀብቶ፣ ጆንያ ተከናንቦ ቤተክርስቲያን ደጅ ይቀመጣል። ሌላዋ እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክማ ትጎብጣለች። የተሸከመችው ሦስት ጭራሮ ነው። እውነተኞቹ እንጨት ተሸካሚዎች እያዩዋት ይስቃሉ፣ መሳቂያ ትንፋሽ ከተረፋቸው። ማታ ሻወር ይገባሉ፤ ከሰሉ ይለቃል። ከዚያ ከፎቶው ሥር ስለ «ድምፅ አልባዎች» ይጻፋል። ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ድምፅ አላት፤ አሁን እንኳ በአንተ እየሳቀች ነው! ራስህን አነሳለሁ ካልክ አንተ የታለህ?

አንዷ ሰልጣኝ የሊስትሮ ሳጥን ተከራይታ ራሷን ጫማ ጠራጊ አድርጋ አነሳች። ጥሩ ብርሃን፣ ጥሩ ፎከስ። ፎቶው ሲታይ ግን በግራ በኩል ታች ላይ የተቆረጠ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። ያልተቆረጠውን አምጪ አልኳት። ጥጉ ላይ ጥላ አለ፤ አጭር፣ ቆብ ያደረገ። የሳጥኑ ባለቤት ነው። ደንበኛ እያለፈው፣ ዕቃው እስኪመለስለት ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ፎቶውን «ያበላሸው» ጥላ ነው ብላ ቆርጣዋለች። እኔ ከፎቶው ሁሉ ያመንኩት ያንን ጥላ ብቻ ነው።

«እና ሌላ ሰው መሆን ክልክል ነው ወይ፣ ቲቸር?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። ፎቶ አንሺውን ሳሙኤል ፎሶን ተመልከቱ። በ1975፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ፎቶ ቤት ከፈተ። ማታ ማታ ከደንበኛ በተረፈው ፊልም ራሱን እያነሳ ናይጄሪያ ላሉት አያቱ ይልክ ነበር፣ ደህና መሆኑን እንዲያዩ። በ2008 ደግሞ ማልኮም ኤክስን፣ ንክሩማን፣ የኛንም ጃንሆይን ሆኖ ተነሳ። ሴኔጋላዊው ኦማር ቪክቶር ዲዮፕ ከ2014 ጀምሮ ከአፍሪካ ወጥተው በሌላ አገር ስም ያተረፉ ሰዎችን ሆኗል። ከነሱ አንዱ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ ሕንድ ውስጥ ጦር የመራው ማሊክ አምባር ነው። ዲዮፕ ልብሱን የጥንት አድርጎ ከኳስ ሜዳ የመጣ ዕቃ ይጨምርበታል፦ ጓንት፣ ኳስ፣ ፊሽካ። አውሮፓ ዛሬም ጥቁር ሰውን የሚያጨበጭብለትና የሚሰድበው በአንድ ሜዳ ላይ ነዋ። ከዚያ በላይ ግን፣ ጃንሆይ ዘውዳቸው እስኪመለስላቸው ከፍሬሙ ውጭ ቆመው አልጠበቁም።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና ሄደች። ተቀየመችኝ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ፎቶ ይዛ መጣች። ያው ሳጥን፣ ያው ጥግ። አሁን ግን በራሷ ልብስ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ስኒከር ያደረገ አንድ እግሯ ሳጥኑ ላይ ነው፤ በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች። ልጁ የለም። ብሩሽ የሚይዘው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው፣ እሷም ወደዚያ አታይም።

«ለልጁ ስንት ከፈልሽው?» አልኳት።

«የሙሉ ቀን» አለችኝ። «ስኒከሩንም አጥቦልኛል።»